የንግስት መቀነት

ኅዳር 4

መካነ ኢየሱስ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር። ሌላ ወረቀት ስለሌለኝ የልኬት ደብተሬን ከኋላ በኩል ገልብጬ ከፈትኩት። ከፊቱ የወገዳ ሰው ሁሉ ደረትና ወገብ ተጽፎበታል፤ ከኋላው እንግዲህ የእኔ ጉዳይ ይጻፍበት።

ባለቤቴ ንግስት ከትናንት ወዲያ ወለደች። ሴት ናት፤ ጤነኛ፣ ድምጿ ከስፌት መኪናዬ የሚበልጥ። እልልታው ሳያባራ የንግስት ዓይን ተገለበጠ፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የደም ግፊት ነው አሉ። ከወገዳ እዚህ ድረስ ባለው መንገድ የአምቡላንሱ ሾፌር እንዴት እንደበረረበት አምላኩ ያውቃል፤ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ተመለሰ። እግዜር ይስጠው። ስንደርስ መተንፈስ አቅቷት ነበር። አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናት፤ በአፏ ቱቦ ገብቷል፣ ማሽን ይተነፍስላታል።

አማቴ እማሆይ ወለተ ማርያም ሕፃኗን ታቅፈው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሳገኛቸው፣ "እንኳን ማርያም ማረችልን" አልኳቸው። አራስ ሲጠየቅ የሚባለው ይኸው ነው፤ አፌ ለምዶት ወጣ። ቀና ብለው አዩኝ።

"ገና አልማረቻትም። ራሷን ችላ እስክትቆም ይኸን ቃል ማንም እንዳይላት።"

ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ሰማቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም አላለም።

ኅዳር 6

ማሽኑ በጮኸ ቁጥር እነሳለሁ። ነርሷ "ምንም አይደለም" ትለኛለች፤ የምትለኝ ግን ከተነሳሁ በኋላ ነው። እህቴ ትዝታ ከሆስፒታሉ በር ማዶ አንድ ክፍል ተከራይታ ሕፃኗን ይዛለች። ጡጦ ትጠባለች። ንግስት ይኸን አታውቅም። ምንም አታውቅም።

ኅዳር 8

ቢላዋው ተያዘ። እማሆይ "አራስ ያለ ብረት አትተኛም" ብለው ከትራሷ ሥር የከተቱትን ነርስ ኢስራ አንሶላ ስትቀይር አገኘችው። ልታባርረን ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሷ ግን ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልላ ለእማሆይ መለሰችላቸውና፣ "ሌላ ብረት የለዎትም፣ የማይቆርጥ?" አለቻቸው። እማሆይ የቤታቸውን ቁልፍ ከጉያቸው አወጡ። ኢስራ በፋሻ ከአልጋው እግር ጋር አሰረችላቸው።

የአርብ ገበያ ልጅ ናት። አባቷን ጨርቅ ነጋዴውን ኑረዲንን አውቃቸዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ከእሳቸው ገዝቻለሁ። ሳልፈልገው የገዛሁትም አለ። ልጅቱ ሰው ማግባባት ከቤቷ ይዛው ነው የመጣችው።

ኅዳር 10

ዛሬ ዶክተር አዲሱ የሚያስተኛትን መድኃኒት ቀነሰላት። ንግስት ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ፤ አወቀችኝ። ጣቷን ዘርግታ የሸሚዜን እጅጌ ያዘች፤ አያያዟ የክር ያህል ነበር። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ይኸን መጻፍ አያሳፍረኝም።

ለቅሶዬን ሳልጨርስ ኢስራ መጣች።

"ነገ እናስቀምጣታለን።"

"የት?"

"አልጋው ጫፍ ላይ፣ እግሯን አውርዳ።"

"ቱቦው ወጥቶ?"

"ቱቦው እንዳለ።"

ያበደች መሰለኝ። ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሰው አልጋ ላይ በዋለ ቁጥር ሥጋው ይሟሽሻል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ሳንባው ይጨነቃል። ድሮ "እስኪሻለው ይተኛ" ይባል ነበር፤ አሁን "እንዲሻለው ይነሳ" ነው የሚባለው አለችኝ። ገብቶኛል ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እማሆይ ግን አልነቀነቁም።

"ልጀ፣ እኛ ይዘናት የመጣን ተኝታ ትታከም ተብሎ ነው። በር ላይ 'ተኝቶ ታካሚ' ብላችሁ የጻፋችሁ እናንተው ናችሁ።"

ኢስራ ዞራ የበሩን ጽሑፍ አየችው።

"ደግሞስ አራስ ናት። የአራስ መቃብር አርባ ቀን አይከደንም። ወገቧ እንኳ አልታሰረ። ወገቧ ሳይታሰር የተነሳች አራስ ምን እንደምትሆን እኔን ጠይቂኝ።"

ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም ንግስት ከእሳቸው ልጆች የተረፈች አንዲት መሆኗን አውቃለሁ።

ኅዳር 11

ኢስራ ስታስብበት አድራለች መሰለኝ። ጠዋት ገና ከመግባቷ፣ "እማሆይ፣ አራስ ወገቧ የሚታሰረው በምንድን ነው?" አለች።

"በመቀነት ነዋ።"

"ይዘዋል?"

ይዘው ኖሯል። ለዚሁ ብለው ራሳቸው ፈትለው ያሸመኑት፣ ረጅም፣ ጥቅጥቅ ያለ መቀነት ከከረጢታቸው አወጡ።

"እንግዲያው እሰሩልኝ። እርስዎ ወጉን ይፈጽሙ፣ ከዚያ እኔ መቀነቱን እይዛለሁ።"

እማሆይ መቀነቱን ዘረጉት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ ጓንት አጥልቀው፣ ልጃቸውን እያገላበጡ አሰሯት። ኢስራ ቱቦውን ጠበቀች፣ ሌላ ነርስ ትከሻዋን ደገፈ፣ እኔ እግሯን አወረድኩ፣ በመቀነቱም ይዘን አነሳናት። ንግስት ተቀመጠች። ማሽኑ እየተነፈሰላት፣ እግሯ ተንጠልጥሎ፣ አንገቷ እየወደቀ፣ ግን ተቀመጠች። በመስኮቱ ገብስ የጫኑ አህዮች ሲያልፉ በዓይኗ ተከተለቻቸው። እማሆይ የመቀነቱን ጫፍ በእጃቸው ጠቅልለው፣ "አይዞሽ ልጀ፣ ታስረሻል" ይሏታል።

ስንት ቀሚስ ሰፍቻለሁ፣ ከስንቱ ቀሚስ ላይ መቀነት አይቻለሁ። ሰው የሚነሳበት እጀታ መሆኑን ዛሬ አወቅኩ። ተመስገን። ኢስራንም ያቆይልን።

ኅዳር 13

ኢስራ ተራዋን ጨርሳ ስትወጣ፣ ንግስት ትራስ ተደግፋ ቀና ብላ ትቆይ ብላ ነበር። ንግስት በዓይኗ ለመነችኝ። ትራሱን ሳብ አድርጌ አስተኛኋት። ጥቂት ብታርፍ ምን ክፉ አለው። ስትተኛ ፊቷ ላይ የመጣውን እፎይታ ያየ ባል ሌላ ምን ያደርጋል።

ኅዳር 15

ቱቦው ወጣ። ራሷ ትተነፍሳለች፤ በአፍንጫዋ ቀጭን የኦክስጅን መስመር ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያ ቃሏ "ልጄስ?" ነበር። ሀና ብለናታል፣ ደህና ናት፣ ትጮኻለች አልኳት። "ትጩህ" አለች።

ተመስገን። ተመስገን። ሌላ ቃል የለኝም።

ኅዳር 18

ጠዋት ሊያቆሟት ሞከሩ፤ ጉልበቷ ታጠፈ። አልጋው ላይ መልሰው አስቀመጧት። ያቺ ከገበያ ጤፍ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት።

ከሰዓት በኋላ እንደገና መቀመጥ ነበረባት። "ክንዱ፣ አስተኛኝ" አለች። አሁን በአፏ ነው የምትለው፤ የሚብሰውም ይኸ ነው። አስተኛኋት። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳብኩላት።

ኢስራ ለዶክተር አዲሱ ስታወራ ሰማሁ። "ጠዋት ጠዋት ጥሩ ናት። በማግስቱ ግን እንደ አዲስ ነው የምንጀምረው። ምን እንደሆነ አልገባኝም።" ምግቡ ይሆናል። ወይም እማሆይ ሹክ የሚሏት ነገር ይኖራል። ጆሮዋ ሥር ተቀምጠው ሲያንሾካሹኩ ነው የሚውሉት።

ኅዳር 21

ጽዮን። እማሆይ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ንግስትን በእጄ አበላኋት። ኢስራ መጥታ ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ ለንግስት ሰጠቻት።

"ስምህ ክንዱ ነው አይደል? ክንድ መደገፊያ ነው እንጂ አልጋ አይደለም።"

ሳቅኩላት። ስትወጣ ማንኪያውን መልሼ ያዝኩት። ንግስት እጇ ሲንቀጠቀጥ ሾርባው ብርድ ልብሱ ላይ እየፈሰሰ ነበር፤ ምን ይደረግ።

ኅዳር 23

ትኩሳት። ኦክስጅኑን ጨመሩት። ዶክተር አዲሱ ደረቷን አዳምጦ ወደ ውጭ ጠራኝ። "ሳንባዋ እንደገና እየተዘጋ ነው። ካልተቀመጠች፣ ካልሳለች፣ ካልተንቀሳቀሰች ወደ ማሽኑ እንመልሳታለን። ሁለተኛ ከገባች መውጣቷን ቃል አልገባልህም" አለኝ።

ከዚህ በላይ ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ኅዳር 24

እማሆይን ተናገርኳቸው። በሰው ፊት። "እርስዎ ነዎት አራስ አትነሳም እያሉ ልቧን የሰለቡት" አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንድ ቃል ሳይመልሱ ወጡ።

ንግስት ጠራችኝ። ድምጿ ገና ሻካራ ነው።

"እማን ለምን ትናገራታለህ? እማ አንድ ቀን አላስተኛችኝም። ጆሮዬ ሥር የምትለኝን ታውቃለህ? 'ታስረሻል፣ አትወድቂም' ነው የምትለኝ።"

ብርድ ልብሷን ላስተካክል ጎንበስ አልኩ።

"የምታስተኛኝ አንተ ነህ፣ ክንዱ።"

"ስለምትለምኚኝ እኮ ነው።"

"እለምንሃለሁ። ያማል፣ ስለዚህ እለምናለሁ። አንተ አትስማኝ።"

እንግዲህ እውነቱን ልጻፈው። ስትተኛ እፎይ የምለው እኔ ነበርኩ። ስቃይዋን ማየት ያቃተኝ እኔ፣ ደግ ነኝ ብዬ ብርድ ልብስ የምስብላት እኔ። ኢስራ በጠዋት ያነሳችውን ከሰዓት እያስተኛሁ፣ ሚስቴን በገዛ እጄ ወደዚያ ማሽን ስመልሳት ነበር። አሮጊቷን ደግሞ ወቀስኩ።

እማሆይን ግቢው ውስጥ ከዋርካው ሥር አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

"ተነስ በል" አሉኝ። "አንድ የተኛ ይበቃናል።"

ለኢስራም ነገርኳት። አልገረማትም፤ ትናንት በመስኮት አይታኝ ኖሯል። "ለምን አልተናገርሽኝም?" አልኳት። "እኔ ብነግርህ እየተደበቅህ ታስተኛት ነበር። እሷ ስትነግርህ ነው የምትተወው" አለች። የኑረዲን ልጅ።

ኅዳር 26

አስተኛኝ አለች። አልሰማኋትም። ሰደበችኝ። አልሰማሁም። ተቀመጠች፣ ሳል ያዛት፣ አክታው ወጣ። ከሰዓት በኋላም ተቀመጠች። አለቀሰች። ኮሪደር ወጥቼ እኔም አለቀስኩ፤ ግን አላስተኛኋትም።

ኅዳር 29

ትኩሳቱ ለቀቀ። ወንበር ላይ ወጣች። ማንኪያውን ራሷ ይዛ ግማሹን በላች፣ ግማሹን ብርድ ልብሱ በላው። ተመስገን ለሁለቱም።

ታኅሣሥ 2

ሕፃን ጽኑ ሕሙማን ክፍል አይገባም፤ ሕጉ ነው። ትዝታ ሀናን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ኢስራ ለንግስት፣ "ልጅሽ ያቻትልሽ። እሷ መግባት አትችልም፤ አንቺ ግን መውጣት ትችያለሽ" አለቻት። በልቤ ጨካኝ አልኳት። አፉ ይበለኝ።

እማሆይ መቀነቱን አሰሩ። ኢስራ ፊት ለፊቷ ወደ ኋላ እየሄደች፣ ሌላው ነርስ የኦክስጅኑን ሲሊንደር እየገፋ፣ እኔ ከኋላ መቀነቱን ጨብጬ። ጉልበቷ ይብረከረካል። መሀል ላይ ቆማ፣ "ክንዱ፣ አስተኛኝ" አለች።

"አልሰማሁም" አልኳት።

ሳቀች። ከወለደች ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ ነው፤ ሳቁ ሳል ሆነባት፣ ሳሉ ሲያልፍ ሄደች። በሩ ላይ ስንደርስ ትዝታ ልጅቷን ገለጠችላት። እናቷ ያን ሁሉ ታግላ መጥታ፣ እመቤት ሀና ጥልቅ እንቅልፍ ወስዷታል። ንግስት ጉንጯን ነክታት፣ "እሷስ ትተኛ" አለች። ነርሶቹ አጨበጨቡ። በሌላው አልጋ የተኙትን ከጓሳ የመጡ ሽማግሌ የሚያስታምሙትም ሰው አጨበጨቡ።

እማሆይን ጠጋ ብዬ "አሁንስ?" አልኳቸው። 'ማርያም ማረችሽ' ትባል ወይ ማለቴ እንደሆነ ገብቷቸዋል።

"ተይዛ ነው የቆመች። የተያዘ ሰው ቆመ አይባልም።"

ታኅሣሥ 9

ወደ ሴቶች ክፍል ተዛወረች። ሀና አሁን አልጋዋ ድረስ ትገባለች። ኦክስጅኑ ወጣ። ዶክተር አዲሱ "ይኸ ሁሉ የመነሳቷ ነው" አለኝ። እጁን ይዤ ብዙ ልለው ፈለግኩ፤ ያልኩት ግን፣ "ኮትህ ትከሻው ላይ ይሰፋሃል፣ ላጥብብልህ" ነው። አወለቀና ሰጠኝ። ትዝታ ከተከራየችበት ቤት መርፌ ለምኜ በእጄ አጠበብኩለት።

ታኅሣሥ 14

ወገዳ። ቤታችን። ከመካነ ኢየሱስ ስንወጣ ኢስራ በር ድረስ ሸኘችን። እማሆይ አገላብጠው ሳሟት፤ ቁልፋቸውንም ተቀበሏት። "አላህ ያጠንክራት" አለች ኢስራ። "አሜን፣ አንችንም ይጠብቅሽ" አሉ እማሆይ። መንገዱ ንግስትን አንገላታት፤ መኪናው በቆመ ቁጥር ግን ወርዳ ትቆም ነበር። እኔ መቀነቱን ይዤ።

ታኅሣሥ 17

ጠያቂ አልቻልነውም። ገብስ የሚወቃው ከአውድማ፣ የሚሸጠው ከገበያ ይመጣል። ሁሉም ገና ከደጃፍ "ተኚ፣ ተኚ፣ እንዳትነሺ" ይላታል። እማሆይ በትራቸውን ይዘው መግቢያው ላይ ተቀምጠዋል።

"ማነው ተኚ ያለ? ተነሺ ተብላለች። ተኚ የሚል ቤቱ ሄዶ ይተኛ።"

ይኸን የሚሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ምን እላለሁ፤ ጨርቄን እሰፋለሁ።

የጎረቤታችን የአቶ ተክሌ ነገር አይረሳም። እግራቸው እንደገባ "እንኳን ማር..." ብለው ጀመሩና የእማሆይን ዓይን አዩ። ዋጥ አድርገው፣ "ማር ይዤላችሁ መጥቻለሁ" አሉ። እጃቸው ባዶ ነበር። በማግስቱ እውነትም አንድ ቅል ማር ላኩ።

ታኅሣሥ 29

ገና። ንግስት ደጅ ወጥታ ፀሐይ ሞቀች። ከሁለት ጎረቤቶች ጋር እስከ ጎታው ድረስ ተራመደች። እኔ ከኋላ መቀነቱን ይዤ። ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ "በሬ የሚያስር ይመስላል" አሉ። ይሳቁ። ወድቃ ያየኋት እኔ ነኝ።

ጥር 6

ኢስራ ደወለች። እንዴት ናት አለች። ትሄዳለች፣ ሀናን ታጥባለች፣ ጡቷም ጥቂት መለስ ብሎላት ልጅቷ ትሞክራለች አልኳት።

"አሁንም መቀነቱን ትይዛለህ?"

"ለጥንቃቄ ያህል።"

ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር። ታቦቱ ሲያልፍ ንግስት አጥሩ ጋ ቆማ ተሳለመች። ሰው ብዙ ነበር፣ ግፊያም ነበር፤ ከነጠላዋ ሥር መቀነቱን ጨብጬ ነበር የቆምኩት። መዳፌ አልቦት ጫፉን አረጠብኩት። ማታ እማሆይ አጥበው አሰጡት፣ ሲያሰጡትም ጫፉን ገልብጠው አዩት። እኔ በያዝኩበት በኩል አልቋል።

ጥር 18

ክርስትናው ጥር 21 ነው፤ ሰማንያ ቀኗ ከአስተርእዮ ማርያም ጋር ገጠመ። ለሀና ነጭ ቀሚስ ሰፋሁ። የንግስትን ወገብ ልለካ ሜትሬን ይዤ ሄድኩ፤ "በዓይንህ አታውቀውም?" አለችኝ። አውቀዋለሁ። ከበፊቱ ገና ቀጭን ነው፤ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ወደ ማርያም የሚወጣው ዳገት አሳስቦኛል። ድንጋዩ ያዳልጣል። ፈረስ ልለምን ብዬ ነበር፤ ንግስት ገላምጣ አየችኝና ተውኩት።

ጥር 21

ሌሊት ሳይነጋ ተነሳን። ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣነው፤ ንግስት ፊት፣ እኔ ከኋላ መቀነቱን ይዤ፣ ትዝታ ሀናን ታቅፋ፣ እማሆይ በትራቸውን ተደግፈው። ንግስት ሁለቴ አረፈች፤ ቆማ ነው ያረፈችው። ከቅጽሩ በር ስንደርስ ጎህ እየቀደደ፣ ካህናቱ ውስጥ እየዘመሩ ነበር። ንግስት ሀናን ከትዝታ ተቀበለች። ደረቷ ላይ አስተካክላ ያዘቻት።

"ክንዱ።"

"ወይ።"

"ጨርቁን ልቀቀው።"

"መግቢያው ድንጋይ ነው፣ ያዳልጣል። ልጅ ይዘሻል።"

"ልቀቀው።"

እማሆይ የሚያዩት እሷን አልነበረም፤ እጄን ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታሁ። ጫፉ ወደቀ። ንግስት በአንድ እጇ አንስታ ወገቧ ላይ ሸጎጠችውና በበሩ ገባች። ድንጋዩ ላይ እግሯ ሸርተት አለ። ልዘል ስል እማሆይ እጅጌዬን ያዙኝ። ንግስት ቆመች፣ ልጇን አቀፍ አደረገች፣ ሄደች።

ያኔ እማሆይ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጀ" አሉ።

አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። ንግስት አልሰማችም፤ ሀናን ይዛ ቀድማን ገብታ ነበር።